ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ዕቃ

ጋሪው ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመ። ሃያ አራቱ የብረት ጎማዎች አንድ ላይ አቃሰቱ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት መስኮቶች ተንቀጠቀጡ፤ አንዲት ሴትም ከሰገነት ላይ ሆና የአበባ ማሰሮዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈች። ከፊት የተጠመዱት ሁለቱ የእንፋሎት ጎታቾች ግን መቆማቸውን ያላወቁ ይመስል ጥቁር ጢሳቸውን መትፋት ቀጠሉ።

«አሁንስ ምን ሆነ?» አለች የሽማግሌው ገጣጣሚ ምራት፣ ጸሐፊዋ። የዕቃ ዝርዝሩን መዝገብ ብብቷ ሥር ይዛ ከጎማው ጎን ቆማለች።

«ግድግዳው ነዋ፣» አለ ነጂው። ከተማው ሁሉ ኤሊው ይለዋል፤ እሱም ስሙን ከወደደው ቆይቷል። «አንድ ስንዝር ይጎድለናል።»

«ትናንት አፍርሳችሁት አልነበረም እንዴ?»

«ትናንት ያፈረስነው ለትናንቱ ዕቃ ነው። የዛሬው ሆዱ ሰፋ ይላል። ቀስ እንበል፣ እቴ። ስልሳ ቶን ብረት ተሸክሞ የቸኮለ ሰው መቃብር ቆፋሪም አያስፈልገው፤ እዚያው ይቀበራል።»

አራት ሰዎች ዶማ ይዘው ወደ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሄዱ። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል፤ መጮህ ትናንት ሰልችቶት ትቶታል። ምራቲቱ ሰማዩን አየች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፋብሪካው ወጥተው አሁን ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የሄዱት መንገድ ደግሞ አንዲት አሮጊት ዳቦ ገዝታ የምትመለስበትን ያህል ነው። መርከቡ አሥር ሰዓት ላይ፣ የባሕሩ ውሃ መሸሽ ሳይጀምር መነሳት አለበት። ካልተነሳ ደግሞ ያን ሁሉ ብረት እንደ ተሸከመ ከወደቡ ጭቃ ላይ ይቀመጥና ቀጣዩን ትልቅ የባሕር ሙላት አሥራ አምስት ቀን ይጠብቃል። አሸናፊዎቹ አሥራ አምስት ቀን የሚጠብቁ ሰዎች አልነበሩም።

ሸራ ለብሶ በጋሪው ላይ የተቀመጠው የጎምቱ መስፍ ነው። ጎምቱ የፋብሪካው ትልቁ የእንፋሎት መዶሻ ነበር፤ የመርከብ ዘንግና የባቡር አክሰል የሚቀጠቀጠው በእሱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከተማው ሰው ሰዓቱን ያስተካከለው በድምፁ ነው፤ ሲመታ በየቤቱ ያለው ብርጭቆ ይንቃጨላል፣ ሲያቆም ሕፃናት ከእንቅልፋቸው ይባንናሉ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከዚያ ሽንፈቱ መጣ። የሽንፈቱን ሰነድ የፈረሙት ሹማምንት በሩቅ ከተማ፣ ጥሩ ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ውስጥ ነው የፈረሙት፤ ከሰነዱ ግርጌ በደቃቃ ፊደል የፋብሪካዎች ዝርዝር ነበር። ጎምቱ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ሰባተኛው ነው። ሲሊንደሩ፣ ሁለቱ እግሮቹና ሁለት መቶ የሚሆኑት ሣጥኖቹ በሳምንቱ ውስጥ ወደ መርከቡ ገብተዋል። የቀረው መስፉ ብቻ ነው፤ መዶሻው የሚያርፍበት ያ ጠፍጣፋ ተራራ።

የምራቲቱ ባል የሞተው ሰነዱ በተፈረመ ማግሥት ነው። ጦርነቱ አለቀ የሚለው ቴሌግራም ለጦር አለቃው ማታውን ደርሶት ነበር፤ አለቃው ግን ወረቀቱን ኪሱ ከቶ በነጋታው ጠዋት ኮረብታውን ውጡ አለ። ይህን ከተረፉት አንዱ መጥቶ ነግሯቸዋል። ለእሷ ከባሏ የቀራት አንድ ክፍል ቤት፣ እግሯ የማይታዘዝላት አማትና፣ አሁን ከጋሪው ጎን መስፉን በመዳፉ እየደገፈ የቆመው ሽማግሌ ነው። ስልሳ ቶን በእሱ መዳፍ የሚደገፍ ይመስል።

ሽማግሌው የፋብሪካው ዋና ገጣጣሚ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ዋናው» ይለዋል። ጎምቱ ሲተከል ወጣት ሆኖ ገጥሞታል፣ አሁን ደግሞ ሲነቀል ሽማግሌ ሆኖ ፈትቶታል።

ዛሬ ጠዋት ሲወጡ እማማ ከአልጋዋ ላይ ቀና ብላ ነበር። «ስሚ፣» አለቻት ምራቷን፤ «ያንን ግትር ከነባርኔጣው ይዘሽልኝ ነይ። ለልጄ ማንን እንደምጠይቅ አላወቅኩም። ለዚህኛው ግን አንቺን ነው የምይዘው።»

«ወደብ እኮ ነው የምንሄደው፣ እማማ፤ ጦር ሜዳ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ከነባርኔጣው አልኩሽ።»

ዶማዎቹ ግድግዳውን መደብደብ ሲጀምሩ ሽማግሌው ምራቱን በጣቱ ጠራት። «ነይማ፣ ወደ ኋላ ነይ። አንድ ነገር ላሳይሽ።» ፊቱ ላይ ያለው ደስታ አላማራትም። ባሏም በትዳራቸው የመጀመሪያ ዓመት የቤቱን ሰዓት ፈታትቶ መልሶ መግጠም ሲያቅተው እንዲህ ያለ ፊት ነበረው።

ሽማግሌው የሸራውን ጫፍ ገለጠ። ከብረቱ ማዕዘን ላይ ሦስት ነጥብና አንድ ጭረት በሹል ብረት ተመትቷል። ከጎኑ ደግሞ በነጭ ቀለም የተጻፈው፣ እሷ መዝገቡ ላይ ያሰፈረችው ቁጥር አለ።

«የቱ ነው እውነተኛው?» አላት።

«ቁጥሩ ነዋ።»

«ቁጥሩ ገለባ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝርዝርሽ በሙሉ ገለባ ነው፣ ልጄ። የግራ እግር ያልኩሽ የቀኝ ነው። የላይ ያልኩሽ የታች ነው። ስሶቹን ብረቶችማ፣ እነዚያ ከእግሮቹ ሥር የሚደረደሩትን፣ እንደ ካርታ በውዤ ነው የነገርኩሽ። በዝርዝሩ ይገጥሙታል፤ ያምርላቸዋል፤ ባንዲራ ይሰቅሉበታል። መጀመሪያ የመታ ቀን ግን ራሱን ይሰነጥቃል።»

በዚያ ፋብሪካ የቆየ ልማድ ነበር። እያንዳንዱ ዋና ገጣጣሚ የራሱ ምልክት አለው። አንድ ማሽን ሲፈታ፣ የሚገናኙትን ብረቶች ፊት ለፊት በነጥብና በጭረት ይመታቸዋል፤ መልሶ ሲገጥም በዚያ ይመራል። ምልክቱን ለሌላ ሰው፣ ለገዛ ልጁም ቢሆን አያስነብብም። «ምልክቱን ያስነበበ ወንበሩን አስረከበ» ይባላል። ምልክቱን ሌላ ሰው ያነበበለት ገጣጣሚ በማግሥቱ ከሥራ ሊሰናበት ይችላል። ሽማግሌው አርባ ዓመት እንጀራው የቆመው በዚህ ነው፤ አሁን ደግሞ ጦርነቱን በዚህ ሊያሸንፍ አሰበ።

ምራቲቱ መዝገቡን ከፈተች፣ ዘጋች። «ከእያንዳንዱ ገጽ ሥር የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«አንቺን ማን ይነካሻል? ጸሐፊ ነሽ። ሰው የነገረሽን ጻፍሽ።»

«ማን ነገረሽ ቢሉኝስ?»

ይህን አላሰበበትም ነበር። ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «እኔን በያቸዋ።»

«ከዚያስ? እማማን ምን ልበላት? በቀለም አሸንፈዋቸው ሞቱ ልበላት?» ድምፅዋ ከፍ ስላለ ከዶማ ያዦቹ አንዱ ዞር አለ፤ እሷም ዝቅ አደረገችው። «አባባ፣ ትክክለኛውን ይንገሩኝ። ወደቡ እስክንደርስ አስተካክለዋለሁ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ፤ ወረቀቱን አንቺ ያዢ፣ ሞኙ እኔ ልሁን።» መዳፉን ወደ ብረቱ መለሰ።

ግድግዳው ወደቀ። ኤሊው ክንዱን አነሳ፤ ጎታቾቹ አፏጩ፤ መስፉ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

*

ወደቡ ሲደርሱ ቀትር ሆኗል። መርከቡ ጥቁርና ረጅም ነው፤ ሆዱ ተከፍቶ የወደብ ሠራተኞች ከውስጡ ጭንቅላታቸው ብቻ ብቅ ይላል። አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም የከተማው ልጆች፤ ምራቲቱ ስማቸውን ለመግቢያ ፈቃድ ራሷ ነው የጻፈችው።

የአሸናፊዎቹ መሐንዲስ መጋዘን ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ አስቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ቀጭን ሰው ነው፤ ጓንቱን አውልቆ ከባርኔጣው ውስጥ አስቀምጦታል። ሲያያቸው ተነሳ፤ በሩ ላይ የቆመውን ወታደር አስወጣና ለሽማግሌው ወንበር ሳበለት።

«መምህር፣ ይቀመጡ።»

ቋንቋቸውን ይችላል፤ ከንግግሩ ውስጥ ትንሽ ጠጠር ያለበት ይመስላል እንጂ። ከጦርነቱ በፊት ሁለት ዓመት እዚሁ ፋብሪካ ሥራ ሊማር መጥቶ ከሽማግሌው ሥር ሠርቷል። ሽማግሌው ይህን ያውቃል፤ ለምራቱ ግን አልነገራትም። እንዲህ ያለውን ነገር መንገር ነበረበት።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስስ ብረቶች ነበሩ፤ ከሣጥን ወጥተው ተጠርገዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«ብረት።»

«ከኋላው ያለውስ?»

«ጭረት። ብረት ሲንቀሳቀስ ይጫራል፤ አላስተማርኩህም?»

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «ስሶቹን ብረቶች ገልብጬ ስላስገባሁ በጥፊ የመቱኝ እርስዎ ነዎት። ጆሮዬ ሁለት ቀን ጮኸ።»

«ሦስት ቀን መጮህ ነበረበት።»

«ሳይሆን አይቀርም።» መዝገቡን ከምራቲቱ እጅ በትሕትና ተቀበለና ገለጠው። «ሃያ ሰባተኛው፣ የግራ እግር ይላል። ምልክትዎን ማንበብ አልችልም፤ ማንም አይችልም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎምቱ ግራ እግር ሥር ዘይት ሳፈስ ኖሬያለሁ። ይህ ብረት የግራ እግር አለመሆኑን አውቃለሁ።»

ከውጭ የክሬኑ እንፋሎት ይሰማል።

«አለቃዬ ሻለቃው ቢሰማ፣» አለ መሐንዲሱ፣ «ይህ ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ቅጣቱ እዚያ ግድግዳ ሥር አቁሞ መተኮስ ነው። ለእርስዎም፣ ለፈረመችውም። ስለዚህ አልነገርኩትም። ለሻለቃው የነገርኩት ሌላ ነው። ጎምቱ ያለ ገጣጣሚው አይሠራም አልኩት። ፈቀደ።»

«ምኑን?» አለች ምራቲቱ።

«አብረውን እንዲሄዱ። አንድ ዓመት፤ ቢበዛ ሁለት። ጥሩ ክፍል ይሰጣቸዋል፤ እኔ ራሴ እከታተላለሁ።»

ሽማግሌው ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ እንደተሰበረ ጎማ ቆመ። ምራቲቱ አየችው፤ ጠዋት ሙሉ የነበረበት ደስታ ከፊቱ ሲወርድ ከሥሩ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ወጣ። በገዛ እጁ፣ በትንሽ መዶሻና በሹል ብረት፣ ነጥብ በነጥብ ራሱን ከማሽኑ ጋር አስሯል።

«ይጽፉልዎታል፣» አለች፤ «ሁሉንም፣ አሁኑኑ። ትክክለኛውን ቦታ ከጻፉልዎት እሳቸው ምን ያደርጉልዎታል?»

መሐንዲሱ የኪስ ሰዓቱን አወጣ። ሊያታልላት እንዳልፈለገ ታውቃለች፤ ይህ ነው በኋላ ላይ ከሁሉ የመረራት። «ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። መርከቡ አሥር ላይ ይነሳል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ቦታ ከሰጣችሁኝ፣ ሽማግሌ በባሕር የማንገላታበት ምክንያት የለኝም።»

ጓንቱን አድርጎ ወጣ።

*

ምላስ ሲነካው ሐምራዊ የሚሆነውን እርሳስ ላሰችና አዲስ ገጽ ከፈተች። «አንደኛው።»

ሽማግሌው ግትር መሆን አማረው፤ ከዚያ ስለ ሚስቱ አሰበ መሰል፣ ትከሻው ወረደ። «ሲሊንደሩ። የመሰላሉ ጎን ወደ እቶኑ።»

ትልልቆቹ እንደ ውሃ ፈሰሱ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ምራቲቱ በልቧ ማታ ለእማማ እንዴት አድርጋ እንደምታሾፍበት ማሰብ ጀመረች።

«ሠላሳ አንደኛው። ስስ ብረት፣ ትንሹ።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። አውራ ጣቱ በአየር ላይ አንድ ነገር ይዳስሳል። «ስጪኝ።»

«ምኑን?»

«ብረቱን። ልንካው።»

«ሣጥን ውስጥ ነው፣ አባባ። ሣጥኑ መርከብ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው እንዴት አድርጌ…» ዓይኑን ገለጠ። እንዲህ ያፈረ ሆኖ አይታው አታውቅም። «ምልክቱ ፊደል መሰለሽ እንዴ? እያንዳንዱን ስመታ ብረቱ የነበረውን ነው የመታሁት። የሻከረውን በአንድ በኩል፣ የሳሳውን በሌላ በኩል። አፌ አያውቀውም። የሚያውቀው ይሄ ነው፤» ብሎ አውራ ጣቱን አሳያት።

«ታዲያ ይንገሩትና ይናገራ!»

«እየነገርኩት እኮ ነው!»

እርሳሱን ጥላ ወጣች። መሐንዲሱን ከመርከቡ መሰላል ሥር አገኘችው፤ ሣጥኖቹ ይውጡልን አለችው። መሐንዲሱ የመርከቡን ጭነት ኃላፊ ጠየቀው። ኃላፊው ወፍራም፣ ላቡን በአንገት ልብሱ የሚጠርግ ሰው ነው፤ ለመመለስ እጁን ብቻ ነው የተጠቀመው። ሣጥኖቹ ከታች፤ ከላያቸው እግሮቹ፤ ከእግሮቹ ላይ ሲሊንደሩ። ሁለት ጣቱን አነሳ።

«ሁለት ሰዓት?» አለች።

«ሁለት ቀን፣» አለ መሐንዲሱ። «አዝናለሁ።» ማዘኑ ከልቡ ነበር። ማዘኑ ምንም አልፈየደም።

ተመለሰች። ጻፉ፤ ሰረዙ፤ ጻፉ። «ሠላሳ አራተኛው የኋላ ነው… አይደለም፣ ሰርዢው።» «ዝም ብለው የመሰለዎትን ይበሉኝ!» «የመሰለኝን ካልኩሽማ ቀድሞ ያጻፍኩሽ ምን አለው? ያ ልጅ አንዷን አንስቶ ይይዘናል።» እርሳሷን እየላሰች ምላሷም ከንፈሯም ሐምራዊ ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ አርባ ሦስት ደረሱ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሃምሳ ስምንት። መቁጠር ለማይችል ሰው እንኳ የሚታይ ነገር ነበር፤ እሷ ደግሞ መቁጠር ሥራዋ ነው።

«ስልሳኛው፣» አለች።

ሽማግሌው በመስኮቱ ያያል።

ክሬኑ መስፉን ሊያነሳ ነው። ሦስት ወፋፍራም ሰንሰለቶች ታጥቆ ከጋሪው ላይ ተወጥሯል። ምልክት ሰጪው እጁን ዘርግቶ ከወደቡ ጠርዝ ቆሟል። በዚያ ሥራ ከባድ ነገር ሲነሳ ማንም አይናገርም፤ ቃል የምልክት ሰጪው እጅ ብቻ ነው። የክሬኑ ነጂ በሰው ጩኸት እጁ ደንገጥ ካለ ያለቀ ነገር ነው። ወደቡ በሙሉ ዝም ብሏል።

«መሀሉን ነው ያሰሩት፣» አለ ሽማግሌው።

«ታዲያ የት ይሰሩት? ስልሳ አልኩ፣ አባባ።»

«መስፉ መሀሉ መሀል አይደለም።» ተነሳ። «ሲቀልጥ የነበርን ሰዎች ነን የምናውቀው፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ሞተዋል። በአንደኛው ጎን ውስጡ አየር ገብቶ ቀርቷል፤ ሰው የሚያስተኛ ባዶ ቦታ አለው። ሌላው ጎን ይከብዳል። መርከቡ ላይ ሲደርስ ይዞራል፤ ሲዞር ከሰንሰለቱ ያመልጣል።»

ምራቲቱ ወዲያው ገባት። አእምሮዋ እንደ ልማዱ ከልቧ ቀድሞ ደረሰ። መስፉ ወደቀ ማለት መርከቡ ተበሳ፣ ጎምቱ የለም፣ ጎምቱ ከሌለ ገጣጣሚ አያስፈልግም። ዝም ማለት ብቻ ነው። ማንም ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም።

እጅጌውን ያዘችው። «ይተዉት።»

«ከሥር ሰዎች አሉ።»

«አውቃለሁ። ስማቸውን ጽፌያለሁ።» አሥራ አንዱም ስም እንደ ተራ በጭንቅላቷ ውስጥ አለፈ፤ እጇ ግን አልለቀቀም። «አባባ፣ ይተዉት።»

ሽማግሌው አልተቆጣትም። ቢቆጣት ኖሮ ጨክና በያዘችው ነበር።

«ያም የጦር አለቃ፣» አላት፣ «ቴሌግራሙ ደርሶት ነበር።»

እጅጌውን ለቀቀችው።

መጮህ አይቻልም፣ መሮጥም አይቻልም። ሽማግሌው እንደ ሽርሽር ሰው ወደ ወደቡ ጠርዝ ሄደ፤ ምልክት ሰጪው ዓይን ሥር ሲደርስ ቆመ፤ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ አኖረው። የሥራው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መሬት ላይ ያለ ባርኔጣ፣ ቁም ማለት ነው።

መስፉ የሰው ቁመት ያህል ተነስቷል። የምልክት ሰጪው እጅ ተጨበጠ። ክሬኑ ቆመ። መስፉ በአየር ላይ ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ በቀስታ አንድ ጎኑን ማዝመም ጀመረ። ከታች የነበረ አንድ ሰው አፉን በእጁ ያዘ። እጅ ወደ ታች፤ መስፉ ወደ ጋሪው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት የፈጀውን ሥራ ምራቲቱ ከመጋዘኑ በር ሆና አየች። ሽማግሌው ሰንሰለቶቹን በክንድ እየለካ አስጠጋ፣ አስረዘመ፣ አሳጠረ፤ መስፉን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ቦታውን ያሳያል። ሁለተኛ ሲነሳ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ቢያኖሩበት ጠብ አይልም ነበር። ሻለቃው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ከመኪናው ወርዶ የማያውቀው፣ ወርዶ ያያል። ምራቲቱ ሻለቃውን አየችውና እርሳሱን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

መስፉ በመርከቡ ሆድ ሲያርፍ መርከቡ አንድ ክንድ ሰጠመ። ሻለቃው ለመሐንዲሱ በቋንቋቸው አጭር ነገር ተናገረ።

መሐንዲሱ ወደ እሷ መጣ። «ምን አለ?» አለችው፣ ብታውቅም።

«እንዲህ ያለውን ሰው በወረቀት አልለውጥም አለ።» ከዚያ ጨመረ፤ «ስንት ደርሳችሁ ነበር?»

«ሃምሳ ዘጠኝ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ የሚያጽናና ነገር አልፈለገም፣ እሷም አልጠየቀችውም።

*

የመጨረሻው ችግር የወረቀት ነበር። ጭነት መርከብ ሰው እንዲያሳፍር ከዋናው ከተማ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ አንድ ወር ይፈጃል። የጭነቱ ኃላፊ ላቡን ጠርጎ መላ መታ። በዕቃ ዝርዝሩ ላይ ይግባ አለ። ዝርዝሩ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይጫናል።

ዝርዝሩ የእሷ ነው። የእጅ ጽሑፉም እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው መሆን አለበት።

ስለዚህ ምራቲቱ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሥር መስመር አሰመረች። ተራ ቁጥር፤ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። የዕቃው ዓይነት፤ ገጣጣሚ፣ አንድ። ክብደት፤ ሽማግሌውን የሣጥን ሚዛን ላይ አቆሙት። ስልሳ አንድ ኪሎ ከነካፖርቱ።

«ሰባ እንኳ አልሞላሁም?» አለ ሽማግሌው። «አማትሽ እያስራበችኝ ነው በያት።»

የሚገጠምበት ቦታ የሚለው አምድ ላይ እርሳሷ ቆመ። ባዶ አይቀር አለ ኃላፊው በጣቱ።

«ከግራ እግር ሥር በይ፣» አላት ሽማግሌው። «ይሄንን እውነቱን ነው የነገርኩሽ።»

ጻፈችው። ፈረመች። ገጹ አልራሰም፤ እዚያ ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

«የጎን በሩ ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል፣» አለ ሽማግሌው፣ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ። «ሦስት ጠብታ ብቻ። ከበዛ አቧራ ይይዛል። መድኃኒቷን ደግሞ ጠጣሁ ስትልሽ አትመኛት፤ ከትራስ ሥር ነው የምትከተው።»

«እሺ፣ አባባ።»

«ደግሞ ጠዋት የነገርኩሽ…» አቆመ። ነገሩን ሊጨርሰው የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ባርኔጣውን አንስቶ አቧራውን በክርኑ ጠረገና መዝገቡ ላይ አኖረላት። «ባሕር ላይ ነፋስ ነው። ይሄንን እንኳ ይዘሽላት ግቢ።»

መሐንዲሱ ክንዱን ይዞ መሰላሉን አወጣው፤ እንደ ልጅ፣ በአክብሮት። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መርከቡ ጮኸ። አሥራ አንዱ የወደብ ሠራተኞች ጠርዙ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ቆቤን ላውልቅ አላውልቅ እያሉ። ምራቲቱ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ አንዱም ምን እንደያዘችና ምን እንደለቀቀች አያውቅም።

*

ወደ ቤት የተመለሰችው በባዶው ጋሪ ነው፤ ከኤሊው ጎን፣ ጣውላው ላይ ተቀምጣ። አንዱን ጎታች ፈትተው ወደቡ ላይ ትተውታል፤ አንዱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ሃያ አራቱ ጎማዎች ጠዋት እንዳላቃሰቱ ሁሉ እየዘለሉ ይከንፋሉ። በስድስት ሰዓት የተጓዙት መንገድ ከፊታቸው እንደ ጨርቅ ይጠቀለላል። ዳቦ ጋጋሪው የፈረሰውን ግድግዳ በሣጥን ጣውላ ሲደፍን ደረሱ፤ ጋሪው በሰፊው ቀዳዳ አጠገብ ሳይነካው አለፈ።

ከዚያ ማዕዘን እስከ ቤቷ ሁለት መንገድ ነው። እማማ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታለች፤ የጋሪውን ድምፅ ከሩቅ ትለየዋለች። አሁን ቀና እያለች ይሆናል።

ምራቲቱ ጭኗ ላይ ያለውን ባርኔጣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቀስ እንበል፣» አለች።

ኤሊው ዞር ብሎ አያት። «ባዶ ጋሪ እኮ ነው፣ እቴ። ምን ተሸክመን?»

ኤሊው ባርኔጣውን አየ፤ ከዚያ የእንፋሎቱን እጀታ ወደ ራሱ ሳበ፤ ጎማዎቹም አንድ በአንድ ማቃሰት ጀመሩ።